ክርን ሲያም ምን ይሻላል? ቀላል ካሜራ፣ ሞኖፖድ፣ ማሰሪያ ወይስ መርፌ፦ ለጎንደር ፎቶ አንሺዎች

ጎንደር ውስጥ ጥር ሲያልቅ ሁለት ፎቶ አንሺዎች ከተገናኙ ወሬው ወይ ያልተከፈለ ቀሪ ሂሳብ ነው ወይ ክርን። አይገርምም። ከተራ አለ፣ ጥምቀት አለ፣ ቃና ዘገሊላ አለ። ከዚያ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ሠርግ በሠርግ ላይ ነው። ቅዳሜ ሠርግ፣ እሑድ መልስ፣ ሰኞ ደግሞ "ፎቶው መቼ ይደርሳል?" የሚል ስልክ።

መካሪው ሞልቷል። "ካሜራህ ከብዶህ ነው፣ ሚረርለስ ግዛ" ይላል አንዱ፤ ውስጡ መስታወት የሌለውን ቀለል ያለ ካሜራ ማለቱ ነው። "መርፌ ተወጋና ተገላገል" ይላል ሌላው። እናት ደግሞ "ጅማትህ ዞሮ ነው፣ ወጌሻ ይይህ" ትላለች። ሁሉም ከልባቸው ነው የሚመክሩት። ግን አንዱ ምክር የዓመት ገቢ ይበላል፣ አንዱ ሳንቲም አያስወጣም፣ አንዱ ደግሞ ዛሬ አስደስቶ በኋላ ያስለቅሳል።

የኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። መጀመሪያ አያያዝ፣ ቀጥሎ ሞኖፖድ (ባለ አንድ እግር የካሜራ ዱላ) እና ስትራፕ (ማንገቻ)፣ ጎን ለጎን እንቅስቃሴ። አዲስ ካሜራ መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም ከተረፈ ገንዘብ።

በቅድሚያ የቱ ጋ ነው የሚያማችሁ?

"ክርኔን አመመኝ" ማለት ብቻውን ምንም አይነግርም። ከውጭ በኩል ያለችውን አጥንት ስትጫኗት የምታም ከሆነ፣ ጀበና አንስቶ መቅዳትና እርጥብ ፎጣ መጭመቅ ከከበዳችሁ፣ ብዙ ጊዜ ሐኪሞች ቴኒስ ኤልቦ የሚሉት ነው። ቴኒስ ተጫውታችሁ ባታውቁም ይይዛችኋል። ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል። ክንዳችሁን ዘርጉ፣ መዳፋችሁን ወደ መሬት አዙሩ፣ የፕላስቲክ ወንበር በመደገፊያው ይዛችሁ አንሱ። ከውጭ በኩል ቆንጠጥ ካደረጋችሁ ወደዚያው ያመለክታል።

ሕመሙ ከውስጥ በኩል ከሆነ ሌላ ጅማት ነው። ጨብጦ መያዝና የእጅ አንጓን ወደ ውስጥ ማጠፍ ያብሰዋል። አያያዙ ግን ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ነው።

ቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት የሚደነዝዙ ከሆነ ግን ነገሩ ከነርቭ ነው። ለዚህ ማሰሪያ አታጥብቁበት፤ ሊያብሰው ይችላል። ክርን አጥፎ መተኛት፣ የጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ክርን ተደግፎ መሥራት፣ ስልክ ጆሮ ላይ ይዞ ረጅም ማውራት ይቅር። ድንዛዜው ካልለቀቀ ሐኪም ይየው።

የሚከተሉት ደግሞ ንጽጽር አያስፈልጋቸውም። የክርን ጫፍ አብጦ፣ ቀልቶ፣ ትኩሳት ካለው ዛሬውኑ ሐኪም ቤት። ወድቃችሁ ከሆነና ክንዱ አልዘረጋ ካለ ራጅ ተነሡ። የግራ ክንድ ሕመም ከደረት ጭንቀትና ከላብ ጋር ከመጣ የካሜራ ጉዳይ አይደለም፣ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ከዚህ በታች የምለው በዋናነት ለውጭ በኩሉ ሕመም ነው። የሥራ ባልደረቦቼን በብዛት የሚያማርረው እሱ ነውና።

ቀላል ካሜራ፦ ሒሳቡን እንሥራ

ብዙ ሰው ቦዲ (ካሜራውን ያለ ሌንሱ) ሲቀይር ክብደቱ በግማሽ የሚወርድ ይመስለዋል። ሚዛኑ የሚለው ሌላ ነው።

እዚህ አገር ሠርግ ላይ የተለመደውን ካኖን 5ዲ ማርክ 4ን እንውሰድ። ከነባትሪውና ከነካርዱ 890 ግራም ነው። ኤፍ 2.8 የሆነው፣ ማለትም ብዙ ብርሃን የሚያስገባው 70-200 ዙም ሌንስ፣ ሦስተኛው ትውልድ፣ 1,480 ግራም ይመዝናል። አንድ ላይ 2,370 ግራም። ከላይ ትልቁን ፍላሽ ከነባትሪዎቹ ስትሰኩ ወደ 2.9 ኪሎ ይጠጋል። ይህን ነው ከሙሽራዋ ቤት እስከ አዳራሹ ዓይናችሁ ላይ የምትይዙት።

አሁን ቦዲውን ሸጣችሁ ሚረርለሱን አር6 ገዛችሁ እንበል። አር6 680 ግራም ነው። ሌንስ መቀየሪያ ገንዘብ ስለማይተርፍ የድሮውን በአዳፕተር ትሰኩታላችሁ፤ አዳፕተሩም 110 ግራም አለው። ድምሩ 2,270። ያን ሁሉ ብር አውጥታችሁ የቀነሳችሁት 100 ግራም ብቻ ነው። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይኼ ነው።

ሌንሱንም ወደ አርኤፍ 70-200 ኤፍ 2.8 ከቀየራችሁ ነገሩ ይለያል። እሱ 1,070 ግራም ነውና ድምሩ 1,750 ይሆናል። ከ600 ግራም በላይ መቀነስ ትልቅ ነገር ነው። ግን የሁለቱን ዋጋ አስቡት።

ማንም የማያወራው ሦስተኛ መንገድ አለ። የድሮ ቦዲያችሁን ያዙ፣ ሌንሱን ብቻ ወደ ኤፍ 4ቱ 70-200 አውርዱ። ባለ ማረጋጊያው የመጀመሪያው ስሪት 760 ግራም ነው። ድምሩ 1,650፣ ማለትም ከአዲሱ ሚረርለስ ከነአዲሱ ሌንሱ ያነሰ። በዚያ ላይ ያገለገለ ሌንስ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ከአዲስ ቦዲ ጋር አይወዳደርም። ጉዳቱ አንድ ስቶፕ ብርሃን፣ ማለትም ግማሹን ማጣታችሁ ነው። ፋሲል ግቢ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ልዩነቱን አታዩትም። ማታ አዳራሽ ውስጥ ግን ታዩታላችሁ። ለአዳራሹ 85 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ያዙ፤ 425 ግራም ብቻ ነው። ዙም የለውም፣ በእግራችሁ ትጠጋላችሁ። ክርን ሲያም እግር ቢሠራ ምን አለበት?

ለነገሩ ክብደት ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም። ከክርን ውጭ በኩል የሚያያዙት ጡንቻዎች የእጅ አንጓን ቀና አድርገው የሚይዙ ናቸው። በጨበጣችሁ ቁጥር ይሠራሉ። ስለዚህ ቀላል ካሜራ ሙሉ ቀን አንቆ የያዘ ሰው፣ ከባድ ካሜራ እያወረደ ከሚሠራው ይበልጥ ሊታመም ይችላል።

አያያዝ፦ ነጻ ስለሆነ የተናቀው

ክርናችሁን ጎድን አጥንት ላይ አስጠጉ። ግራ እጅ ከሌንሱ ሥር ይግባ፣ መዳፉ ወደ ላይ፤ ክብደቱን ይሸከም። ቀኝ እጅ መዝጊያውን ይጫን እንጂ ካሜራውን አይነቅ። ብዙዎቻችን የተገላቢጦሽ ነው የምናደርገው። ግራ እጅ ዙም ለማዞር ብቻ ከላይ ይነካና ሸክሙ ቀኝ ላይ ይወድቃል።

ሁለተኛው፣ በሁለት ፎቶ መካከል ካሜራውን ማውረድ። ሽማግሌው ምርቃት ሲጀምሩ ዓይናችሁ ላይ ይዛችሁ "አሜን" እስኪባል አትጠብቁ። ምርቃቱ ረጅም ነው፣ ሁላችንም እናውቃለን። አውርዱት፣ ጣታችሁን ዘርጉ፣ ስትፈልጉ አንሱት።

የቁም ፎቶ ሲሆን ቀኝ ክርን ወደ ሰማይ ይወጣል፣ አንጓም ይጠመዘዛል። እዚህ ላይ ባትሪ ግሪፕ (ከካሜራው ሥር የሚገጠም ተጨማሪ መያዣ) ይገዛ ወይስ አይገዛ የሚል ክርክር አለ። ግሪፕ አንጓን ከመጠምዘዝ ያድናል፣ ነገር ግን ራሱ ክብደት ይጨምራል። ቀኑን ሙሉ የቁም ፎቶ ለሚያነሳ የስቱዲዮ ሰው ይጠቅማል። ለሌላው አይመስለኝም።

ክንድን ዘርግቶ በስክሪን እያዩ ማንሳት ከሁሉም የከፋው ነው። በጥምቀት ዕለት ፋሲለደስ መዋኛው ዳር ሰው ግጥም ሲል ሁሉም ካሜራውን ከራሱ በላይ ያነሳል። ቄሶቹ ውኃውን ባርከው ወጣቱ ዘሎ እስኪገባ ያለው ጊዜ ደግሞ አጭር አይደለም። አስቀድሞ ማልዶ ከፍ ያለ ቦታ መያዝ ከማንኛውም መሣሪያ ይሻላል።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስትገቡ ደግሞ ተቃራኒው ችግር አለ። የጣሪያውን መላእክት ለማንሳት አንጋጣችሁ፣ ፍላሽ ስለማይፈቀድ ዝግ ባለ ፍጥነት፣ ትንፋሽ ይዛችሁ ትቆማላችሁ። የተሻለው ዘዴ ቦርሳችሁን ጥግ መሬት ላይ አስቀምጦ ካሜራውን በጀርባው ማስተኛት፣ ሌንሱን ወደ ጣሪያው ማቅናትና በ2 ሰከንድ ታይመር መልቀቅ ነው። ፎቶውም አይንቀጠቀጥም። ምእመናን በሚጸልዩበት ሰዓት ግን ይህን አታድርጉ።

ስትራፕ ወይስ ሞኖፖድ?

ከካሜራው ጋር በካርቶን የሚመጣው የአንገት ስትራፕ ክርንን ያሳርፋል፣ አንገትን ይገድላል። በደረት አግድም የሚያልፈው ይሻላል፤ ካሜራው ዳሌ ላይ ይንጠለጠላል፣ ሲፈለግ በአንድ እጅ ይነሳል። ሁለት ቦዲ ለሚይዝ በሁለቱም ትከሻ የሚለበሰው ጥሩ ነው። ሌንስ ከመቀያየርም ያድናል። ቆዳ ሰፊ የምታውቁ ከሆነ ይህን ራሱ ያሠራላችኋል፤ በመንጠቆው ጥራት ላይ ግን አትቆጥቡ።

በእጅ ጀርባ የሚያልፈው የእጅ ስትራፕ ደግሞ ለክርን ሕመም የተለየ ጥቅም አለው። ካሜራው እጃችሁ ላይ ስለሚንጠለጠል መጨበጡን ትተዋላችሁ። ግን በደንብ ካልተስተካከለ ተመልሳችሁ ስለምትነቁ፣ ልክ ሲሆን ብቻ።

ምረጥ ብትሉኝ ግን ሞኖፖድ ነው። ደብተራው ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት የሚቆመው በመቋሚያው ነው፤ የፎቶ አንሺ መቋሚያም ይኼው ነው። በግማሽ ኪሎ ገደማ ዱላ የሁለት ኪሎውን ሸክም መሬት ትሸከምላችኋለች። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ከባድ ሌንስ ካላችሁ ሞኖፖዱን ከካሜራው ሥር ሳይሆን ከሌንሱ ቀለበት (ሌንሱን አቅፎ ከሚይዘው ማሰሪያ) ላይ ሰኩት። ሚዛኑን ይጠብቃል፤ የቁም ፎቶ ስትፈልጉም ካሜራውን ቀለበቱ ውስጥ ታዞሩታላችሁ እንጂ አንጓችሁን አትጠመዝዙም። ኤፍ 4ቱ 70-200 ያለ ቀለበት ስለሚሸጥ ለብቻው ትገዙለታላችሁ።

ሞኖፖድ የማይሆንበት ቦታ እስክስታ ነው። ሙሽሮቹ ከበው ሲጨፍሩ ዱላ ይዛችሁ መሃል መግባት ለናንተም ለሚዜዎቹም አደጋ ነው። እዚያ 85ቷን ይዛችሁ ግቡ፣ አንሱ፣ ውጡ። ትራይፖድ ለቡድን ፎቶና ለንግግር ነው፤ የተጨናነቀ ሥራ ላይ ሰው ይጥላል።

ቪዲዮ ለምትሠሩ፣ ጊምባል (ካሜራ እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዘው የእጅ መሣሪያ) ክንድን ወደ ፊት አስዘርግቶ ስለሚያሠራ ክርንን በደንብ ይቀጣል። ለመግቢያውና ለጭፈራው ብቻ ተጠቀሙበት። ለቀረው ሞኖፖድ ይበቃል።

ረዳት መቅጠርም መሣሪያ ነው። ቦርሳ የሚሸከም፣ ፍላሹን ከካሜራው አውርዶ በእጁ የሚይዝ አንድ ጎበዝ ልጅ፣ ግማሽ ኪሎ ከላያችሁ ያነሳል። ብርሃኑም ከጎን ስለሚመጣ ያምራል። ልጁም ሙያ ይማራል።

ማሰሪያ፣ ቅባት፣ ወጌሻ፣ መርፌ

ፋርማሲ የሚሸጠው የክርን ማሰሪያ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ክርኑን ሙሉ የሚሸፍን እጅጌ ነው፤ ሙቀት ይሰጣል እንጂ ብዙ አይሠራም። ሌላው ጠባቡ ቀበቶ ነው። የሚታሰረው የሚያመው ቦታ ላይ አይደለም፤ ከክርን ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ፣ ጨብጣችሁ ስትለቁ የሚያብጠው ጡንቻ ላይ ነው። ሥራ ላይ እሰሩት፣ ማታ ፍቱት። ጣት ከደነዘዘ ላሉት። አያድንም፣ ግን ሠርጉን ለመጨረስ ይረዳል። ዋጋውም አይጎዳም።

ዲክሎፊናክ ቅባት ለጊዜው ያስታግሳል፣ ከሚዋጠውም ይልቅ ለሆድ የዋህ ነው። አይቡፕሮፌን እየዋጡ ወሩን ሙሉ መሥራት ግን ልክ አይደለም። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ያለበት፣ ነፍሰ ጡርም፣ ሳያማክር አይውሰድ። በረዶ ከወደዳችሁ በፎጣ ጠቅልላችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። ሙቅ ውኃ የሚሻለውም አለ። ሁለቱም ማስታገሻ ናቸውና የተስማማችሁን ያዙ።

ወጌሻን በተመለከተ እንዳልሳደብ እፈራለሁ፤ እናቶቻችን ያምኑባቸዋል፣ ጎበዞችም አሉ። ነገር ግን እዚህ ሕመም ላይ የወለቀም የዞረም ነገር የለም። የተጎዳው አጥንት ላይ የሚያያዘው ጅማት ነው። ለስለስ ያለ እሽት ያሳርፋል። መጎተት፣ ማንጓጓትና አጥብቆ ማሰር ግን የተበሳጨ ጅማትን ይበልጥ ያበሳጫል፤ ነርቩም በዚያው ነው የሚያልፈው።

መርፌው ነው ትልቁ ፈተና። ኮርቲዞን የሚባለው ማለቴ ነው። ጥር ገብቶ፣ ቀብድ ተበልቶ፣ ክንድ አልነሳ ሲል ማን እምቢ ይላል? ይሠራልም። ችግሩ በኋላ ነው። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት 198 ሰዎችን ሦስት ቦታ ከፍለው አይተዋል። አንዱ ቡድን መርፌ ተወጋ፣ አንዱ ፊዚዮቴራፒ ሠራ፣ አንዱ ምክር ብቻ ተቀብሎ ጠበቀ። በ6ኛው ሳምንት ባለ መርፌዎቹ በልጠው ተገኙ። በዓመቱ ግን ወደ ኋላ ቀሩ፤ ሕመሙ የተመለሰባቸው ብዙ ነበሩ። ፊዚዮቴራፒ የሠሩት ቶሎ ተሻላቸው፣ ዝም ብለው የጠበቁትም በዓመቱ አብዛኞቹ ድነው ነበር። ስለዚህ መርፌ የምትወስዱ ከሆነ ከሐኪም ጋር ተነጋግራችሁ፣ አንዴ፣ ከዚያ በኋላ ማረፍ እንደምትችሉ እርግጠኛ ሆናችሁ። ተወግቶ በማግስቱ ሦስት ኪሎ ማንሳት ዕዳ ነው።

እንቅስቃሴ፣ በጾም ወቅት

በረጅሙ የሚያዋጣው ይኼ ነው፣ የሚሰለቸውም ይኼው። ግማሽ ሊትር ውኃ የሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ ያዙ፤ ግማሽ ኪሎ ነው። ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ አስተኙ፣ እጃችሁ ከጠርዙ ይውጣ፣ መዳፍ ወደ መሬት። በሌላኛው እጃችሁ እየረዳችሁ አንጓውን ወደ ላይ አንሱ፣ ከዚያ እርዳታውን ልቀቁና በዝግታ፣ ሦስት አራት ሰከንድ ወስዳችሁ አውርዱ። ከ10 እስከ 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በቀን አንዴ። ትንሽ ቢያም ችግር የለውም፤ በማግስቱ ጠዋት ብሶ ካደረ ግን ውኃውን ቀንሱ። ሲቀላችሁ ወደ አንድ ሊትሩ ጠርሙስ እለፉ።

ጅማት ቶሎ አይጠነክርም። ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። እዚህ ላይ የኛ ቀን መቁጠሪያ ይረዳናል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ሠርግ የለም። ከቅበላ ማግስት ጀምራችሁ እስከ ፋሲካ ከሠራችሁ፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ለሚመጣው ሠርግ ሌላ ክንድ ይኖራችኋል። ያ ካመለጣችሁ ክረምት አለ። ጾመ ነቢያትም ከኅዳር 15 ጀምሮ ከጥር በፊት ያለች ጥሩ ዕድል ናት። የሙስሊም ሠርግ የምትሠሩ ረመዳንን በዚሁ ተጠቀሙበት።

በስድስት ሳምንት ምንም ለውጥ ካላያችሁ ወይም ክንዳችሁ እየደከመ ከመጣ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ክፍል አለው። ስትሄዱ ካሜራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እንዴት እንደምትይዙት ማየት ባለሙያውን ከብዙ ጥያቄ ያድነዋል።

ማውሱንም አትርሱት

ቅዳሜ ካሜራ ያደከመውን ክንድ እሑድ ማታ ማውስ ይጨርሰዋል። ሁለት ሺህ ፎቶ መምረጥ ማለት አንድ ጣት ሺህ ጊዜ ሲጫን፣ አንጓ ቀና ብሎ ሲውል ማለት ነው። ያው ጡንቻ፣ ያው ጅማት።

ምርጫው ሦስት ነው። ማውሱን በሌላኛው እጅ መልመድ ነጻ ነው፣ ለሳምንት ያናድዳል። ወደ ጎን የቆመው ማውስ አንጓን ያሳርፋል፣ ግን ከከተማችን ሱቆች ሁልጊዜ አይገኝም። ከሁሉ የሚሻለው በኪቦርድ መምረጥ ነው። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ፒ ስትጫኑ ፎቶው ይያዛል፣ ኤክስ ስትጫኑ ይጣላል፣ ካፕስ ሎክ ካበራችሁ ወደሚቀጥለው ራሱ ያልፋል። ማውስ ሳትነኩ ሠርጉን መርጣችሁ ትጨርሳላችሁ። ላፕቶፑንም አልጋ ላይ ተጋድማችሁ አትሥሩ፤ ክንዳችሁ ጠረጴዛ ላይ ሙሉ ይረፍ።

ኤዲቲንጉን በአንድ ሌሊት ለመጨረስ የሚያስገድደው ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሳችን የሰጠነው ቀጠሮ ነው። ቀብድ ስትቀበሉ የማስረከቢያውን ቀን አንድ ሳምንት አርቃችሁ ጻፉ። ለፌስቡክና ለቴሌግራም የሚሆኑ ጥቂት ፎቶዎች በማግስቱ ከላካችሁላቸው፣ ሙሽሮቹ ለአልበሙ ብዙም አይቸኩሉም።